እህል ሲወደድ ላሞቼን እንዴት እንዳቆየኋቸውና የት ጋ እንደተሳሳትኩ

ዘጠኝ የሚታለቡ ላሞች ነበሩኝ። በቆሎ ሲወደድ ፍሩሽካው ይከተላል፣ ፋጉሎው (ከኑግና ከመሳሰለው ዘይት ሲወጣ የሚቀረው) ይከተላል፣ ቆይቶ ገለባውም ሳይቀር ይወደዳል፣ ምክንያቱም ሁሉም አርቢ ከአንዱ ወደ ሌላው ነው የሚሸሸው። ወተቱ ግን እንደዛ ቶሎ አይጨምርም። እህል ያለው ሰው ዋጋው እስኪስተካከል ጎተራ ውስጥ ማቆየት ይችላል፣ የኛ ወተት ግን ጠዋት ከታለበ ዛሬውኑ መሸጥ አለበት፣ ገዢው ባለው ዋጋ ትሰጣላችሁ በቃ። ከወጪያችን ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለመኖ ስለሆነ እህል ላይ የሚመጣ ጭማሪ ቀጥታ ኪስ ነው የሚነካው። እኔን ክፉኛ የመታኝ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፣ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር፣ ሁለቱም ስንዴ፣ ዩክሬን ደግሞ በቆሎም ለአለም ገበያ በብዛት የሚያወጡ ሀገሮች ስለሆኑ ዋጋው በአንዴ ነው የተወነጨፈው።

ያኔ ያደረኩት ነገር አሁንም ይቆጨኛል። ለሁሉም ላም እኩል በቀን በግምት 2 ኪሎ እህል ቀነስኩ። እኩል ስለሆነ ልክ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ወተቱ ብዙም አልወረደም፣ ለካ ድሮም ያለአግባብ ነበር የምሰጣቸው ብዬ ደስ አለኝ። ግን ዳልቻዋ ላሜ ከወለደች ገና ሶስት ሳምንቷ ነበር። አዲስ የወለደች ላም ወተቷ ጫፍ የሚደርሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት አካባቢ ነው፣ የመብላት አቅሟ ግን ከዛ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ መሃል ያለውን ጉድለት ከገዛ ስጋዋ እየቆረጠች ነው የምትሸፍነው። እኔ ደግሞ በዛ ላይ ቀነስኩባት። ወተት እየሰጠችኝ ነው ብዬ ስደሰት ከጀርባዋ ነበር ያለብኳት ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ላልባት ቁጭ ስል የዳሌዋ አጥንት ወጥቶ አየሁት፣ እጄን ጎኗ ላይ ሳደርግ ጎድኗን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። በፊተኛው ወሊዷ 21 ሊትር ድረስ የደረሰች ላም 16 ላይ ቆመች። ጫፍ ላይ የጠፋ 1 ሊትር እስክትነጥፍ ድረስ ሲደመር ወደ 200 ሊትር እንደሚያሳጣ ያወኩት ከዛ በኋላ ነው፣ 5 ሊትር ማለት እንግዲህ ወደ 1000 ሊትር ነው። በኋላ መኖውን ብመልስላትም ወደ 21 አልተመለሰችም፣ ያመለጠ ጫፍ በዛው ወሊድ አይገኝም። ከሱ በላይ ግን የጎዳኝ ድራት አለማሳየቷ ነው፣ የከሳች ላም ኮርማ አትፈልግም፣ ወራት ሄዱ። በዛው ሰሞን ከጎኗ የታሰረችው 6 ሊትር የምትሰጥ፣ ያረገዘች፣ የወፈረች ላም የማያስፈልጋትን እህል ትበላ ነበር።

ከዛ ሚዛን ገዛሁ። እስከዛ ቀን ድረስ በጣሳ ነበር የምሰፍረው። የተፈጨ በቆሎ በጣሳ ሞልቼ መዘንኩ፣ ጣሳውን ገልብጬ ፍሩሽካ ሞላሁና መዘንኩ፣ በቆሎው ከእጥፍ በላይ ነው የከበደው። በቆሎ ተወደደ ብዬ በፍሩሽካ ስቀይር ጣሳው ያው ስለሆነ ያው የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ በክብደት ግማሹንም አልሰጠሁም። ይሄን ሳይ በጣም አዘንኩ፣ አንድም ቀን ጠግበው አላደሩም ማለት ነው ብዬ። ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ብቻ ብል ይሄን ነው የምለው፣ መኖ በጣሳ አትስፈሩ።

ለእያንዳንዷ ላም ደብተር ላይ አንድ ገፅ ሰጠሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን የጠዋቱንና የማታውን ወተት ለክቼ እፅፋለሁ፣ የበላችውንም እንደዛው። ጥያቄው መኖው ስንት ገባ ሳይሆን ይቺ ላም የበላችው አንድ ኪሎ ስንት ወተት አመጣ፣ ያ ወተት ሲሸጥ የኪሎውን ዋጋ ይችላል ወይ የሚል ሆነ። ከወለደች 100 ቀን ላልሞላት ለ2.5 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ሚክስ (የተደባለቀ የእህል መኖ) እሰጣለሁ፣ ዋጋው የፈለገ ቢሆን ከሷ አልነካም። መሃል ላይ ላሉት ለ3 ሊትር 1 ኪሎ። ያረገዙና ወተታቸው የወረደ በጥሩ ድርቆሽ ይኖራሉ፣ ለመውለድ ሶስት ሳምንት ሲቀራት ግን እህሉን ቀስ በቀስ እጀምርላታለሁ፣ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እስኪለምዱት ጊዜ ይፈልጋል፣ በአንዴ ከተጨመረ ሆዷ አሲድ ይበዛበትና ጭራሽ መብላት ታቆማለች።

ሁለት ላሞች ሂሳባቸው አልወጣም፣ ወተታቸው ትንሽ ነው፣ እርግዝናም የለም፣ ሸጥኳቸው። ግን ዘገየሁ። እህል ሲወደድ ሁሉም ሰው ከብቱን ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ከብት አድላቢውም ለመኖ የሚያወጣው ስለጨመረበት ለከሳ ከብት ብዙ አይከፍልም፣ ስለዚ ዋጋው ይወድቃል። ለመሸጥ የማስብባትን ላም አሁን ቀደም ብዬ ነው የምለየው።

በመሃል ደግሞ አንድ ነጋዴ ትንሽ እርጥበት የነካው በቆሎ በቅናሽ አቀረበልኝና ገዛሁ። ጆንያውን ስከፍት አረንጓዴ ሻጋታ አለው፣ ፀሀይ ላይ ባሰጣው ይሆናል ብዬ ሳስብ የእንስሳት ሀኪሙ በጊዜ ደረሰልኝ። የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ላሟ ስትበላው ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ወተቱ ቢፈላም አይጠፋም። ያንን ወተት የሚጠጡት ህፃናት ናቸው። ሙሉውን ቀበርኩት፣ ገንዘቡ ቢያመኝም።

በቀጣዩ ዝናብ በቆሎ ለሳይሌጅ ዘራሁ፣ ማለትም እርጥቡን ከትፎ አየር እንዳይገባው አድርጎ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ መኖ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ተበላሸብኝ፣ በደንብ ስላልረገጥኩት ውስጡ አየር ቀርቶ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ጠቁሮ ሸተተ። ለሁለተኛው በቆሎውን ፍሬው ውስጥ ያለው ወተት ሳያልቅ አጨድኩት፣ 2 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ከተፍኩት፣ በየንብርብሩ እየረገጥን ሞላነው፣ ፕላስቲክ አልብሰን አፈር ጫንንበት። በስድስተኛው ሳምንት ስከፍተው ጎምዘዝ ያለ ደስ የሚል ሽታ ነበረው፣ ላሞቹ ገንዳው ላይ ተጋፉ። ለገለባው ደግሞ ዩሪያ ተጠቀምኩ፣ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ50 ሊትር ውሃ፣ ዩሪያው ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መሟሟት አለበት፣ ያልሟሟ እንክብል ከብት ይገላል። ሶስት ሳምንት ታሽጎ ይቆይና ከመስጠቴ በፊት አናፍሰዋለሁ፣ ለጥጆች አልሰጥም። እህሉን ሙሉ በሙሉ አልተካልኝም፣ ግን የምገዛውን ቀነሰልኝ፣ የምገዛውንም አሁን አዝመራ በተሰበሰበ ሰሞን ነው የምገዛው፣ በደንብ መድረቁን አይቼ።

ዳልቻዋ ስጋ መመለስ ከጀመረች በኋላም ቶሎ አልያዘችም። ሶስት ጊዜ አስጠቃኋት፣ ሶስቴም ሳትይዝ ድራቷ ተመለሰ፣ አንዳንዴ እሷንም ልሽጣት ብዬ ነበር። በአራተኛው ያዘች፣ ሀኪሙ ሲነግረኝ ደብተሩን አውጥቼ ገጿ ላይ ቀኑን ፃፍኩ።