ያላዘዝኩት ራኪ

በግሪኳ ቀርጤስ ደሴት ላይ "ሂሳብ" ስትል ሂሳቡ ብቻውን አይመጣም። ትንሽ ጠርሙስ ራኪ የሚሉት የወይን አረቄና የተቆረጠ ሐብሐብ አብሮት ይመጣል፣ በነጻ። እኔማ መጀመሪያ ያላዘዝኩትን ሊያስከፍሉኝ መስሎኝ ነበር፤ የከተማ ሰው ነገር!

ግሪኮች እንግዳ ተቀባይነትን "ፊሎክሴኒያ" ይሉታል። ደስ የሚለኝ ግን "ክሴኖስ" የሚለው ቃላቸው ነው፤ ባዳም እንግዳም ማለት ነው። በጥንቱ ዘመን የእንግዶች ጠባቂ ራሱ የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ መንገደኛ ማንነቱን የሚጠየቀው ከበላ ከጠጣ በኋላ ነበር። የኛው "የእግዜር እንግዳ" ትዝ አለኝ።

መንደር ገብተህ ቤት ከተጋበዝክ ደግሞ በትንሽ ሳህን በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ፣ ማንኪያና ቀዝቃዛ ውሃ ይቀርብልሃል። ጣፋጭነቱ ጥርስ ይነዝራል። እኔን ያስተናገዱኝ እናት ሁለተኛ ሲጨምሩልኝ እምቢ ማለት አፍሬ ዝም ብዬ በላሁ።