የአንድ ዲግሪ ስሕተትና የላይኛው ሰማይ ነፋስ

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስመለስ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ዝናቡ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቢሆንም ባጃጁ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጠብታው ከፊት ለፊት እየመጣ መስታወቱን ይመታው ነበር፤ ነፋስ ከግራ ሲነሳ ደግሞ አመጣጡ በመጠኑ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ጅማ ውስጥ ዝናብ ለወሬ የሚበቃ ነገር አይደለም። ሐሳቤን የያዘችው ያቺ ትንሽ ማዘንበል ናት፤ ትንንሽ ሳተላይቶች የላይኛውን ከባቢ አየር ነፋስ ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ በመሠረቱ ይኸው ነውና።

በ250 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ እፍግታው እዚህ ከምንተነፍሰው አየር ከቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ፀሐይ ያሞቀችው ወገን ወደ ጨለመው ወገን ሲገፋ ይህ ስስ አየር በሰከንድ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። ሳተላይቱ በበኩሉ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር አየሩ ሁልጊዜ ከፊት ለፊቱ የሚመጣ ይመስለዋል። ከጎን የሚነፍስ የ100 ሜትር ነፋስ ይህን አመጣጥ የሚያዛባው በአንድ ዲግሪ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መሣሪያው በፊቱ ባለች ቀዳዳ አየሩን እያስገባ የሚፈልጋት ያችን ትንሽ ማዕዘን ነው።

ሁለተኛው መንገድ በብርሃን ነው። የኦክስጅን አቶሞች በ557.7 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) የሞገድ ርዝመት አረንጓዴ፣ በ630 ናኖሜትር ደግሞ ቀይ ብርሃን ይሰጣሉ፤ አቶሙ በነፋስ ሲገፋ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በጥቂቱ ይለወጣል። ለ100 ሜትር ነፋስ ለውጡ ከሦስት ሚሊዮን አንድ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የመጠቀችው አይኮን የተባለችው የናሳ ሳተላይት በኅዳር 2022 ግንኙነቷ እስኪቋረጥ ድረስ የሠራችው በዚህ ዘዴ ነበር። ባሕር ዳርም ቀዩን ብርሃን ከምድር ሆኖ የሚለካ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ ግን ጥርት ያለ ሌሊት ይፈልጋል፤ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ደመናን ከላይ ሆኖ ማየት ለምን እንደሚያጓጓኝ ይረዳኛል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ጉዳይም አይደለም። የምድር የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍሰው ነፋስ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶችን በመግነጢሱ ውስጥ እየገፋ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፤ በመግነጢስ ወገብ ላይ በቀን የሚፈሰው ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረትም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የጂፒኤስን ምልክት የሚያናውጠው ሁከትም ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ኪዩብሳት የሚባለው ሳተላይት መነሻ ልኩ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። ርካሽነቱና ብዙ ሆኖ መምጠቅ መቻሉ ሁልጊዜ ይወሳል፤ በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ፈተና ሳጥኑ ወዴት እንደዞረ በትክክል ማወቁ ነው፤ ያቺ ትንሽ ማዕዘን የምትለካው ከሳጥኑ ፊት ተነሥቶ ነውና። ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ከተማሪዎቼ ጋር በካርቶን ሳጥን ውስጥ ርካሽ የመግነጢስ መለኪያ አስቀምጠን አቅጣጫውን ስናነብ ከእውነተኛው በ9 ዲግሪ ራቀብን፤ ያስቀመጥነው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የብረት እግር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሳተላይት ላይ ቢሆን ኖሮ 9 ዲግሪ በሰከንድ ከ1,200 ሜትር የሚበልጥ፣ ጨርሶ ያልነፈሰ ነፋስ ይፈጥር ነበር።

«መምህር፣ ታዲያ እዚያ ላይ ወዴት እንደዞረ ማን ይነግረዋል?» አለኝ አንዱ ተማሪ። ከዋክብትን ፎቶ እያነሣ ከተሰጠው ካርታ ጋር የሚያስተያይ ካሜራ እንዳለ ነገርኩት። እንዲህ ያለው ካሜራ ስሕተቱን ከአንድ ዲግሪ መቶኛ በታች ሊያወርደው ይችላል፤ ነገር ግን በትንሹ ሳጥን ውስጥ ቦታም የባትሪ ኃይልም ይሻማል።

በማግስቱ ሳጥኑን ከቆርቆሮው አርቀን ሜዳ ላይ፣ በእንጨት ዱካ ላይ አስቀመጥነው። ስሕተቱ ወደ 2 ዲግሪ ወረደ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ። አስልተን ስናየው ግን 2 ዲግሪም ቢሆን በሰከንድ ወደ 270 ሜትር ይጠጋል፤ ልንለካው ከተነሣነው ነፋስ ከእጥፍ በላይ ነው።