የደጋ ወይንና የአምስት ወር ሒሳብ

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው አንድ ኮስታራ ሽማግሌ ነው። ከሞተ ቆይቷል። ኮንስታንቲን ፍራንክ ይባላል። በ1899 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ዩክሬን ውስጥ፣ ኦዴሳ አካባቢ፣ ከጀርመን ዘር ቤተሰብ ተወለደ። ወይን ማልማትን እስከ ዶክትሬት ተማረ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአገር አስወጣው፤ ኦስትሪያና ጀርመን ሲንከራተት ቆይቶ በ1951 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ዕድሜው 50 አልፏል። እንግሊዝኛ አይችልም። የመጀመሪያ ሥራው ሳህን ማጠብ ነበር። ዶክተሩ ነው ሳህን የሚያጥበው!

ደሴ ቁጭ ብዬ ስለ እሱ ምን አገባኝ? ጣጣውን ያመጣው የአክስቴ ወይን ነው።

አክስቴ በረንዳ ላይ የወይን ሐረግ አለ። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ጥላው ግሩም ነው፣ ቡናው የሚፈላው እሱ ሥር ነው። ፍሬው ግን ወግ የለውም። እንደ ሽምብራ እሸት ጠጥሮና አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ግማሹ ይሻግታል። የተረፈውን ወፍ እንኳ ቀምሶ ይተወዋል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና ያንኑ ፍርድ ይሰጣል። «ደጋ ነዋ! ብርዱ መች ያበስለዋል?» አክስቴም ይስማማሉ። ጥቅምትን ደሴ ያሳለፈ ሰው ለዚህ ማስረጃ አይጠይቅም። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው የጦሳን ተራራ ንፋስ ሳይቀምስ አልቀረም።

ፍራንክም አሜሪካ ሲገባ የሰማው ይህንኑ ነው። ከኒውዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ ፊንገር ሌክስ የሚባል አካባቢ አለ። ቀጫጭንና ረጃጅም ሐይቆች ጎን ለጎን የተኙበት አገር ነው። እዚያ ጄኒቫ የምትባል ከተማ ውስጥ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር። ሰውዬው ሥራ ሊጠይቅ ሄደ። የሰጡት ሥራ ብሉቤሪ መኮትኮት ነው። እየኮተኮተ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። የአውሮፓን ምርጥ ወይን፣ ሪዝሊንግና ሻርዶኔን፣ ለምን አትተክሉም አላቸው። አይሆንም፣ ክረምቱ ይገድለዋል አሉት።

ለነገሩ ሰዎቹ ዝም ብለው አልነበረም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የአውሮፓ ወይን ለ300 ዓመት ያህል ተሞክሮ ሞቷል። አንዳንዱን ብርድ፣ አንዳንዱን ሻጋታ፣ አንዳንዱን ደግሞ ሥር የምትበላ ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ጨርሳዋለች። ስለዚህ አገሬው ኮንኮርድን በመሳሰሉ የራሱ ዝርያዎች ነበር ወይን ጠጅ የሚሠራው። ጠንካራ ተክል ነው፤ ጣዕሙ ግን የአውሮፓን ወይን ለለመደ ሰው አይጥምም።

ፍራንክ ደግሞ የመጣው ከዚህ የባሰ ብርድ ካለበት አገር ነው። ዩክሬን ውስጥ ሰፊ የወይን እርሻ አስተዳድሯል። የዶክትሬት ጥናቱም ስለዚሁ ነው፣ በብርድ አገር ወይን ስለ ማልማት። ስለዚህ «ብርድ ነው» ሲሉት አልገባውም። ወይም ገብቶት አላመነም።

የሚሰማው ሰው ያገኘው ቆይቶ ነው። ቻርለስ ፉርኒዬ ይባላል፤ ከሻምፓኝ አገር የመጣ ፈረንሳዊ ወይን ጠማቂና የጎልድ ሲል ኩባንያ ኃላፊ። በፈረንሳይኛ ተግባቡና ቀጠረው። ከዚያ ሁለቱ ሥር ፍለጋ ወጡ። ልብ በሉ፣ የፈለጉት ፍሬ አይደለም፣ ሥር ነው። ወይን እንደ አቮካዶ ችግኝ ነው፤ ከታች የአንዱ ዝርያ ሥር ይሆንና ከላይ የሌላው ቅርንጫፍ ይገጠምበታል። ፊሎክሴራን የሚችል የአሜሪካ ሥር ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። ፍራንክ የፈለገው ግን ሥራውን ቶሎ የሚጨርስ ሥር ነው። የመጀመሪያው ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ከላይ ያለው እንጨት በስሎና ጠንክሮ መገኘት አለበት። እንጨቱ ጨርሶ ከተኛ ብርዱ አይገድለውም። እርጥብ ሆኖ ከተያዘ ግን አለቀለት።

ያንን ሥር ያገኙት ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ፣ የሴት መነኮሳት ገዳም ቅጥር ግቢ ነው። መነኮሳቱ በዚያ ብርድ ፒኖ ኗር የሚባለውን ዝርያ ተክለው ነበር። በሦስት ዓመት አንዴ ጥሩ ፍሬ ይሰጣል ተብሏል። እኔ ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ገዳም ባለበት ቅዳሴ አለ፣ ቅዳሴ ባለበት ወይን ያስፈልጋል፤ አማራጭ ያጣ ሰው ደግሞ ብርድም ቢሆን ይተክላል። የእኛዎቹ በሌላ መንገድ ተወጡት። በቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም ዘቢቡ ታጥቦና ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፤ ዘቢብ ደግሞ ከየትም ተጭኖ ይመጣል። ባይሆን ኖሮ ሐይቅ እስጢፋኖስ ዳርቻ ዛሬ የወይን እርከን ይታይ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ከካናዳ ባመጡት ሥር ላይ ሺህ በሺህ ችግኝ ገጠሙ። በየካቲት 1957 ያ አካባቢ ከዜሮ በታች 32 ዲግሪ ገደማ ወረደ። ብርድን ይችላሉ የተባሉት የአገሬው ዝርያዎች ብዙዎቹ ተመቱ። በተመረጠው ሥር ላይ የቆሙት ሪዝሊንግና ሻርዶኔዎች አብዛኛው እምቡጣቸው ተርፎ በዚያው ዓመት አፈሩ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ያለቀለት መሰለኝ፤ ሰውዬው ግን እስኪሞት ድረስ መከራከሩን አላቆመም።

የራሱን መሬት የገዛው ኪውካ ከሚባለው ሐይቅ በላይ፣ ሐሞንድስፖርት አጠገብ ካለ ዳገት ላይ ነው። በ1962 ቪኒፌራ ዋይን ሴላርስ ብሎ የራሱን ቤት ከፈተ። ትንሽ ቦታ ናት። ተማሪውም ጡረተኛውም በነፃ እየመጣ ይሠራለት ነበር፤ ክፍያው ትምህርቱ ነው። ጆርጂያ ከሚባለው አገር የመጣውን ሬካትሲቴሊ የሚባል ዝርያ ሳይቀር ተክሏል። በየመኸሩ ችግኙ የተገጠመበትን አንገት በአፈር ይሸፍናል፣ ለጸደይ መልሶ ይገልጠዋል። እሱ በ1985 ሲሞት ልጁ ቀድሞ ተረክቦት ነበር፤ ከልጁ የልጅ ልጁ ወሰደው፤ አሁን አራተኛው ትውልድ ላይ ደርሷል።

ቅዱስ አላደርገውም። የአሜሪካና የአውሮፓ ዝርያ ተዳቅሎ የተገኘውን ወይን «ጤና ይጎዳል» እያለ ያስፈራራ ነበር። ውሸት ነው፤ እነዚያን ወይኖች የሚያለሙ ጎረቤቶቹ በነገሩ መናደዳቸው አይፈረድባቸውም። በአንዱ ነገር ልክ የሆነ ሰው በሁሉም ልክ የሆነ ይመስለዋል መሰለኝ።

አሁን የአክስቴን ወይን በእሱ ዓይን ላየው ሞከርኩ። ፍራንክ የጠየቀው «ስንት ዲግሪ ነው?» ብቻ አይደለም፤ «መቼ ይጀምራል፣ እስከ መቼ ይጨርሳል?» ነው። የእኛን መቼ ልብ ብዬ ሳየው ነገሩ ሌላ ሆነ። ማንም ስለማይገርዘው ሐረጉ የበልግ ዝናብ ሲመታው ያብባል። ፍሬው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሊበስል ይሞክራል። ሐምሌ ላይ ደሴ ምን እንደምትመስል ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮት ይነካል፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። እዚያ ውስጥ ወይን ምን ይሁን? ይሻግታል እንጂ። ጥቅምት ላይ ያለ ጥፋቱ የሚታማው ብርድ ሲመጣ ፍሬው አስቀድሞ ተበላሽቷል።

እኛ ዘንድ ወይንን የሚያስተኛ በረዷማ ክረምት የለም። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም መቀስ ነው። በነሐሴ መጨረሻ አሳጥረህ ከገረዝከው በመስከረም ያቆጠቁጣል። ከመስከረም እስከ ጥር ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ይሆናል። የወይን ሰዎች የሚያወሩት ሌሊት ይኸው ነው፤ ኮምጣጣነቱን የሚጠብቀው፣ ወይኑን ሕያው የሚያደርገው እሱ ነው ይላሉ። በየካቲትና በመጋቢት የሚመጣው በልግ ሳይደርስ ፍሬው መለቀም አለበት። አምስት ወር፣ በእኛ አቆጣጠር ድፍን 150 ቀን።

ይበቃል ወይ? እዚህ ላይ ማታ ማታ ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የቀኑን አማካይ ሙቀት ትወስዳለህ፣ 10 ትቀንሳለህ፣ የቀረውን በየቀኑ ትደምራለህ። ወይን ከ10 ዲግሪ በታች ብዙም አይንቀሳቀስም። ድምሩ ከ1,389 በታች የሆነ ቦታ በካሊፎርኒያዎቹ መለኪያ ቀዝቃዛው ምድብ ውስጥ ይገባል። ቶሎ የሚደርሱት ዝርያዎች ከ1,000 ትንሽ ከፍ ያለ ካገኙ ይሄዳሉ።

ደሴን 15 ዲግሪ ብዬ ያዝኳት። በቀን 5፣ በ150 ቀን 750። አይበቃም። እንግዶቹ ፈጽሞ አልተሳሳቱም ማለት ነው፣ ምክንያቱን ነው የሳቱት። በሐረጎ ቁልቁል ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል ብንል አራት ዲግሪ አተረፍክ። በቀን 9፣ በጠቅላላው 1,350። ሐይቅ ከተማ ዙሪያ ያሉት ዳገቶች ደግሞ 2,000 ሜትር ግድም ናቸው። በቀን 8፣ በጠቅላላው 1,200። ይኸው ነው የምፈልገው! ሌሊት ነበር፣ ብቻዬን ጮኽኩ።

ሐይቁ ራሱ ጉርሻ ነው። ኪውካ ፍራንክን የጠቀመው ጥልቅ ስለሆነ ነው፤ ጥልቅ ውኃ በበጋ የያዘውን ሙቀት ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ዳርቻውን ከውርጭ ያስጥላል። የኪውካ ጥልቀት 57 ሜትር ገደማ ነው። የእኛው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ነው። በሕዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጋውን ሲመታ የሐይቁ ዳር ምን ያህል እንደሚተርፍ ዳር ላይ ያለ ገበሬ ይንገረን።

ሒሳቡ የማያየው ነገርም አለ። ፈረንጅ አገር ወይኑ በሚያድግበት ወቅት ቀኑ 15 ሰዓት ይሆናል፣ የእኛ ዓመቱን ሙሉ 12 ገደማ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ የሚያገኝበት ጊዜ ያጥራል። የደጋ ፀሐይ ግን ብርቱ ነው፤ እንዴት እንደሚካካስ ተክሎ ማየት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እኔ የማውቀው ሙከራ ከዚህ ዝቅ ብሎ ነው። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ የመጠጥ ኩባንያ በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ያወጣው ከዝዋይ፣ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ሜዳ ነው። ሜርሎና ሲራ የሚባሉት የቀይ ወይን ዝርያዎች እዚያ ይሆናሉ። ሪዝሊንግ ግን ወደ ላይ ውጡ የሚል ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ቡና ላይ አስረዳኋቸው። ከአቦል እስከ በረካ ሰሙኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ አባቴ ክርስቲያን ነው፣ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ወሎ ላይ ይህ ወሬ አይሆንም። ሰርጋችን ላይ ሁለት ወጥ ቤት ይቆማል፤ በዚህ በኩል ጠጅ፣ በዚያ በኩል ብርዝ ይቀዳል፤ ዘፈኑ አንድ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ልትጠምቅ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ መጀመሪያ ይብሰል አክስቴ።»

«ከበሰለስ?»

ፍራንክ ያልገጠመው ፈተና ይኸ ነው። አሰብኩና የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ በሙሉ የሚበላ ይሁን አልኳቸው። ደስ አላቸው። «ፍሬውን እበላለሁ፣ ጭማቂውንም ያኔውኑ ከሆነ እጠጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለአንተና ለአባትህ» ብለው ድርሻ ድርሻችንን አከፋፈሉን። እስካሁን ከሰማሁት የቢዝነስ ዕቅድ ሁሉ ግልጹ ይኸ ነው።

ሐይቅ ያለው የአጎቴ ልጅ ግን እንደ አክስቴ አልቀለለኝም። ሽንኩርት ነው የሚያለማው። ስልክ ደውዬ ዲግሪውን፣ ጥልቀቱን፣ የኩቤክን መነኮሳት ሁሉ ተረኩለት። ትንሽ ዝም አለና «በስንተኛው ዓመት ነው የሚያፈራው?» አለ። በሦስተኛው አልኩት። «ሽንኩርት በአራት ወር ይደርሳል» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ከአጥሩ ሥር ለሽንኩርት የማይሆን ድንጋያማ ተዳፋት እንዳለው አመነ። ወይን ድንጋይ አይጠላም። እሱን ሊሰጠኝ ተስማማ፤ ውኃ ማጠጣቱ ግን የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ አስረግጦ ነገረኝ። ከአክስቴ ሐረግ ቁራጭ እንዳልወስድ ወስኛለሁ፣ ዝርያው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ያለው ሰው ካለ ግን ያናግረኝ። የአክስቴን ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ መቀስ ይዤ እሄድበታለሁ፤ ጥላዬን አትንካ እንደሚሉኝ ከአሁኑ አውቃለሁ።