የቫይማር ጥናቴ፣ አራተኛ ወር

ሰላም ለሁላችሁ። (ቫይማር የምለው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ ሂትለር ድረስ የነበረውን የጀርመን ሪፐብሊክ ነው።) ባለፈው ስጽፍላችሁ ገና 1923 ላይ ነበርኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ እኛ ስቀይራቸው ተደበላለቁብኝ።) አሁን 1933 ደርሻለሁ። በመሃል ግን ሦስት ወር ሙሉ ያመንኩት ነገር ፈረሰብኝ።

ስጀምር የማውቀው ይሄን ብቻ ነበር። ጀርመን ተሸነፈች፣ የጦር ካሳ ተጫነባት፣ ብሯ ወረቀት ሆነ፣ ሕዝቡ ተማሮ ሂትለርን አመጣ። የገንዘቡ ነገር እውነትም ያስደነግጣል። በኖቬምበር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ይመነዘር ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲቆጥብ የኖረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ይሄን ሳነብ «በቃ፣ ምክንያቱ ተገኘ» አልኩ።

ከዚያ የምርጫ ውጤቶቹን በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ማስፈር ጀመርኩ። ጀማሪ ካለ የምመክረው ይሄንን ነው፤ እጅ የጻፈውን ዓይን ቶሎ አያልፈውም። 1928 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ናዚዎች ያገኙት 2.6 በመቶ ነው! ገንዘቡ ከተረጋጋ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በሴፕቴምበር 1930 ግን 18.3፣ በጁላይ 1932 ደግሞ 37.3 በመቶ ደረሱ።

የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ብዙውን ያስረዳል። የአሜሪካ ብድር ደረቀ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ በ1932 መጀመሪያ ሥራ አጡ 6 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። እኔን ይዞ ያቆየኝ ግን ማርች 27 ቀን 1930 ነው። የመራሔ መንግሥት ሄርማን ሙለር ጥምር መንግሥት የፈረሰው ያን ዕለት ነው። ፓርቲዎቹ የተጣሉት በሥራ አጥነት መድን መዋጮ ነው፤ ያውም በግማሽ በመቶ ገደማ። ከዚያ ወዲህ ሂትለር እስኪሾም ድረስ በምክር ቤት አብላጫ ድምፅ የቆመ መንግሥት አልመጣም። ይሄን ገጽ ሦስት ጊዜ መላልሼ አነበብኩት። አዝኜ ነው።

ምክር ቤቱን የተካው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ነው። በአደጋ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ በድንጋጌ እንዲያስተዳድር ይፈቅድለታል። ክፉ አንቀጽ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ግን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፍሪድሪሽ ኤበርትም ደጋግሞ ተጠቅሞበታል፤ እሱ ሪፐብሊኩን ከአመፅ ለማዳን። ከእሱ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት የሆነው ሂንደንቡርግና አማካሪዎቹ ግን ምክር ቤቱን ወደ ጎን ለመተው አዋሉት። በ1930 ምክር ቤቱ 98 ሕግ ሲያወጣ ድንጋጌዎቹ 5 ነበሩ። በ1932 ሕጎቹ 5 ብቻ፣ ድንጋጌዎቹ ቢያንስ 60። አሁን ሲገባኝ፣ ሂትለር ሲመጣ ምክር ቤቱ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር አለ። በኖቬምበር 1932 ምርጫ ናዚዎች ወደ 33.1 ወርደው ነበር። ሥልጣን የሰጧቸው የቀድሞው መራሔ መንግሥት ፍራንስ ፎን ፓፐንና አጋሮቹ ናቸው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 በተሾመው ካቢኔ ውስጥ ከሂትለር ጋር ናዚዎቹ ሦስት ብቻ ስለነበሩ፣ በቀላሉ እንይዘዋለን ብለው ገመቱ። ሂትለር ግን ከእጃቸው ለማምለጥ ሁለት ወር እንኳ አልፈጀበትም።

ያቆምኩት ማርች 23 ላይ ነው። በበርሊኑ የክሮል ኦፔራ አዳራሽ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለመንግሥት ተሰጠ፤ 444 ደገፉ፣ 94 ተቃወሙ። የተቃወሙት ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ናቸው። (ኮሚኒስቶቹ ከመግባታቸው በፊት ታስረዋል፣ ተደብቀዋል ወይም ተሰደዋል።) የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪያቸው ኦቶ ቬልስ በታጣቂዎች በተከበበ አዳራሽ ተነስቶ «ነፃነታችንንና ሕይወታችንን ሊነጥቁን ይችላሉ፤ ክብራችንን ግን አይችሉም» አለ። ይቺን ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ በቃሌ ይዣታለሁ።

በሚቀጥለው ወር በንባቤ ወደ ፕሩሺያ፣ ወደ ትልቁ የጀርመን ክፍለ ግዛት፣ እመለሳለሁ። ፓፐን የፕሩሺያን መንግሥት ጁላይ 20 ቀን 1932 በድንጋጌ ሲያነሳ፣ በ1920 የካፕን መፈንቅለ መንግሥት በአድማ ያከሸፉት ሠራተኞች ለምን አልወጡም? ይሄን ያነበባችሁ ካላችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።