ሸተር ጀርባ የቀረው ሰማያዊ ወረቀት

የመጠጥ ፈቃድ ማመልከቻው ማስታወቂያ በወጉ ተዘጋጅቷል። ወረቀቱ ፈዛዛ ሰማያዊ ኤ4፣ ጽሑፉ ጥቁር፣ የፊደሉ መጠን 16። ሕጉ የሚለው ሁሉ አለ። ችግሩ ምግብ ቤቱ ገና እድሳት ላይ መሆኑ ነበር፤ የብረት ሸተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አይነሣም፣ ወረቀቱ ደግሞ የተለጠፈው ከሸተሩ ጀርባ ባለው መስታወት ላይ ነው። የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የፈቃድ ክፍል ሠራተኛ በ19ኛው ቀን ሊያይ ሲመጣ ያገኘው ሸተር ብቻ ነው። ፎቶ አንሥቶ ሄደ። በማግሥቱ የመጣው ኢሜይል ማስታወቂያው ተለጥፎ የሚቆይበት 28 ቀን እንደገና ከአንድ እንዲጀመር የሚያዝ ነበር። የቤት ኪራዩ ግን ከአንድ አልጀመረም።

ቤቱ ሰሜን ለንደን ያለ፣ 45 ወንበር የሚይዝ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ከበላዩ ሦስት ፎቅ መኖሪያ አለ፤ ከኋላው ደግሞ ለጎረቤት መኝታ ቤት የተጠጋ ጠባብ ጓሮ። (ቀኑም ሰዓቱም እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 23:00 ሲባል በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።) በእንግሊዝና በዌልስ የመጠጥ ፈቃድ የሚመራው በ2003 በወጣው የፈቃድ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ማመልከቻው ካውንስል ከደረሰበት ማግሥት ጀምሮ ለ28 ተከታታይ ቀናት ማንም አላፊ አግዳሚ ከውጭ ቆሞ ሊያነበው የሚችል ማስታወቂያ እንዲለጠፍ ያዛል። ስለዚህ ወረቀቱ ላሚኔት ተደርጎ ከሸተሩ ውጭ፣ በዓይን ትክክል ይለጠፋል። በየቀኑ ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ፎቶ ይነሣል፤ አንዱ ጎረቤት «አላየሁም» ቢል መልሱ እሱ ነው። ማመልከቻው በገባ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በአካባቢው ጋዜጣ የሚወጣው ማስታወቂያም ቢረሳ ጣጣው ያው ነው።

የማመልከቻ ክፍያው ያን ያህል አይከብድም። የሚወሰነው ቤቱ ለንግድ ግብር በተገመተበት ዋጋ ነው፤ ግምቱ ከ4,301 እስከ 33,000 ፓውንድ ከሆነ 190 ፓውንድ፣ ከዚያ በላይ እስከ 87,000 ከሆነ 315። የሚከብደው ፈቃዱ ሳይወጣ የሚከፈለው ኪራይ ነው።

የጠፋው 19 ቀን ግን ሳይታሰብ አንድ ነገር አተረፈ፤ ማመልከቻውን እንደገና ለማንበብ ጊዜ ተገኘ። መጀመሪያ የተጻፈው «መጠጥ ሽያጭ፣ በየቀኑ፣ እስከ 02:00» ነበር። ባለቤቱን እንዲህ ብሎ የመከረው ሰው «ብዙ ጠይቅ፣ እነሱ ይቀንሱልሃል» ብሎታል። መርካቶ ዋጋ እንደመጥራት ማለት ነው። እዚህ ግን ገዢው አይከራከርም። ማንም ካልተቃወመ ካውንስሉ ፈቃዱን እንደተጠየቀው መስጠት አለበት፤ ተቃውሞ ከመጣ ግን ጉዳዩ ወደ ችሎት ይሄዳል፣ ችሎት የሚቀመጡት ሦስት የምክር ቤት አባላትም ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት አመልካቹ ሰፈሩን ያውቀው እንደሆነ ነው። ከመኖሪያ ቤት ሥር ማክሰኞ እስከ 02:00 መጠጥ ልሽጥ የሚል ሰው ሰፈሩን አላየም። እያንዳንዱ ካውንስል በአምስት ዓመት አንዴ የሚያወጣው የፈቃድ ፖሊሲ አለ፤ ብዙዎቹ ለመኖሪያ መንገድ፣ ለገበያ መንገድ የሚሉትን ሰዓት እዚያ ያስቀምጣሉ። በዌስትሚኒስተር ዌስት ኤንድ ወይም በሃክኒ ሾርዲች እንዳለው ዓይነት የመጠጥ ቤት ብዛት ያስጨነቀው ሰፈር ከሆነ ደግሞ፣ በችግሩ ላይ እንደማይጨምር ማሳየት የአመልካቹ ድርሻ ይሆናል። ይህን ሰነድ ማንበብ አንድ ከሰዓት በኋላ አይፈጅም።

ሰባት የጎረቤት ደብዳቤ መጣ። ሦስቱ ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ቤታቸው ዋጋ መውረድ ያወራሉ፤ አንዱ «በዚህ መንገድ ምግብ ቤት በዝቷል» ይላል። እነዚህ በችሎት ክብደት የላቸውም፤ ሕጉ የሚያውቃቸው ዓላማዎች አራት ብቻ ናቸው፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሕዝብን የሚረብሽ ነገርን መከላከል፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። የቀሩት ሦስቱ ደብዳቤዎች ግን ስለ ጓሮው ነበሩ፣ በደንብም ተጽፈዋል። አንዷ እናት የልጇ መኝታ መስኮት ከጓሮው አጥር ምን ያህል እንደሚርቅ ለክታ ጽፋለች። የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍልም ስለ ድምፅ የራሱን ተቃውሞ አስገባ። ሊፈራ የሚገባው ይኼ ነው።

ሌላው ጉድ ያለው ቅጹ ላይ «ኤም» የሚል ምልክት ባለው ሣጥን ውስጥ ነበር። አራቱን ዓላማዎች እንዴት ታስጠብቃለህ ተብሎ የሚጠየቀው እዚያ ነው፤ እዚያ የተጻፈው ደግሞ እንዳለ ተገልብጦ የፈቃዱ ግዴታ ይሆናል። ባለቤቱ ከአንድ የዳንስ ቤት ማመልከቻ ላይ ገልብጦ ኖሯል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሁለት የበር ጠባቂ፣ መታወቂያ የሚያነብ መሣሪያ፣ የ31 ቀን የሲሲቲቪ (የጥበቃ ካሜራ) ቀረጻ። ለ45 ወንበር! ጠባቂዎቹ ቢቀሩ ያ ራሱ ግዴታ መጣስ ነው፤ ከፈቃድ ውጭ መሸጥ እስከ ስድስት ወር እስራት፣ ገደብ የሌለው መቀጫ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ጠባቂዎቹና መሣሪያው ተሰረዙ፤ የ31 ቀኑ የካሜራ ቀረጻ ግን በፖሊስ ጥያቄ ግዴታ ሆኖ ቆየ። «ጎረቤት አንረብሽም» የሚለው ባዶ ቃልም ወጥቶ ሊለካ በሚችል ነገር ተተካ፦ ከ23:00 በኋላ ሰው ሲገባና ሲወጣ ካልሆነ በር አይከፈትም፤ ጓሮው 21:00 ላይ ይዘጋል፤ ከ23:00 እስከ 08:00 ድረስ ባዶ ጠርሙስ ውጭ ባለው ገንዳ አይጣልም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ሌሊት 01:00 ላይ አርባ የቢራ ጠርሙስ ወደ ገንዳ ሲገለበጥ የሰማ ጎረቤት ግን ለምን እንደሚጻፍ ያውቃል።

ፕላኑም ተስተካከለ። መጠኑ 1 ለ100 ሆኖ መውጫዎችን፣ መጸዳጃውን፣ ወጥ ቤቱንና የእሳት ማጥፊያዎችን ያሳያል፤ ፈቃዱ የሚሸፍነው ቦታ በቀይ መስመር ይከበባል። ጓሮው መጀመሪያ ከመስመሩ ውጭ ነበር። እንዲያ ከሆነ ውስጥ ተሽጦ ጓሮ የሚጠጣው ቢራ «ወደ ውጭ የሚወሰድ» ሽያጭ ይሆናል፣ ቅጹ ላይ ደግሞ «ውስጥ የሚጠጣ» ብቻ ነው ምልክት የተደረገበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ስምምነት ሲደረስ የአካባቢ ጤና ክፍል ተቃውሞውን አነሣ፣ ከጎረቤቶቹም አራቱ። ለቀሩት ሦስቱ ችሎት ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ ወገን እኩል የመናገሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ የሚገኘው ሰው ከአምስት የሥራ ቀን በፊት እንደሚመጣ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የእናትየዋ የመስኮት ልኬት ብዙ ሠራ። ውሳኔው፦ ከእሑድ እስከ ሐሙስ እስከ 23:00፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 00:00፣ ከዚያ ጠጥቶ ለመጨረስ 30 ደቂቃ። በ21 ቀን ውስጥ ለማጂስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ባለቤቱ አላለም፣ ልክ ነበር።

ሐበሻ ቤቶች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር እዚህ ይጨመር። ከ23:00 እስከ 05:00 ትኩስ ምግብ ወይም ትኩስ መጠጥ ለሕዝብ መሸጥ አልኮል ባይኖርበትም የራሱ ፈቃድ አለው። ቅዳሜ 23:20 ላይ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ያ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ቅጹ ላይ የሌሊት ምግብና መጠጥ የሚለውን ክፍል መሙላት ብቻ ይበቃ ነበር። ጠጁን እዚያው ጠምቆ መሸጥም በካውንስል ፈቃድ አያልቅም፤ የግብር መሥሪያ ቤቱን ፈቃድና ቀረጥ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና የገና ዋዜማ ነበር። ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 ማክሰኞ ላይ ዋለ፤ ፈቃዱ 23:00 ላይ ያቆማል። መፍትሔው ከፈቃዱ ሰዓት ውጭ ለአንድ ዝግጅት መሸጥ የሚያስችል፣ 21 ፓውንድ የሚከፈልበት የጊዜያዊ ዝግጅት ማሳወቂያ ነው፤ አንድ ቤት በዓመት እስከ 15 ጊዜ ይችላል፣ ሠራተኛን ጨምሮ ከ499 ሰው ሳይበልጥ። ማሳወቂያው ከዝግጅቱ በፊት 10 ሙሉ የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ የደረሰበት ቀንና የዝግጅቱ ቀን አይቆጠሩም። ዲሴምበር 25፣ 26 እና ጃንዋሪ 1 በዓል ናቸው፣ ቅዳሜና እሑድም ይወጣሉ። ወደ ኋላ ሲቆጠር የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 17 ላይ ያርፋል። እስከ 02:00 የሚጠይቀው ማሳወቂያ ዲሴምበር 12 ገባ።

ፖሊስ ተቃወመ። አንድ እንግዳ ከጠረጴዛ ላይ ስልክ ተሰርቆበት፣ ከሳምንት በፊት ፖሊስ 16 ቀን ያለፈውን ቀረጻ ጠይቆ ነበር፤ መቅረጫው የያዘው ግን የ11 ቀን ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚቀርጽ አንድ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይበላል፤ አራት ካሜራ 86 ገደማ። አንድ ቴራባይት ዲስክ በ11 ቀን ተኩል ሞልቶ በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ለ31 ቀን 2.7 ቴራባይት ያስፈልጋል፣ ማለትም ገበያ ላይ ካለው ባለ 4 ቴራባይቱ ዲስክ። ካሜራዎቹን የገጠመው ባለሙያ ስለ ፈቃዱ ግዴታ አልተነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ማሳወቂያው በወቅቱ መግባቱ አዳነው። ከአምስት እስከ ዘጠኝ የሥራ ቀን ሲቀረው የሚገባ ዘግይቶ ማሳወቂያ ቢሆን ኖሮ፣ የፖሊስ ተቃውሞ ብቻውን ያለ ምንም ችሎት ዝግጅቱን ያስቀረው ነበር። አሁን ግን መነጋገር ተቻለ። ዲሴምበር 18 አራት ቴራባይት ዲስክ ገባ፣ ደረሰኙ ለፖሊስ የፈቃድ ሠራተኛ ተላከ፣ ቀረጻ አውጥቶ መስጠት የሚችሉ ሁለት ሠራተኞች ስም ተጻፈ። በስምምነት ሰዓቱ ከ02:00 ወደ 01:00 ተቀነሰና ፖሊስ ተቃውሞውን አነሣ። 31 ቀኑ ራሱ የሞላው ጃንዋሪ 18 ነው፤ የፖሊስ ሠራተኛዋ በዚያው ሳምንት ተመልሳ መጥታ የመጀመሪያውን ቀን ቀረጻ ክፈቱልኝ አለች።