የአሳ ማጥመጃ ሪል ልትገዙ ከሆነ ኩሽኔታ አትቁጠሩ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደውሎ "አጎቴ፣ መቶ ዶላር አለችኝ፣ ከውቅያኖስ ዳር አሳ ለማጥመድ የሚሆን ሪል የቱን ልግዛ?" አለኝ (ሪል ማለት ዘንጉ ላይ የሚገጠመው ክር መጠቅለያ ማሽን ነው)፣ እኔም አንድ ሰአት ሙሉ አወራሁት፣ ስልኩን ስዘጋ ይሄንን ነገር ለሌላውም ልጻፈው አልኩ ምክንያቱም ከቤተክርስቲያን ስንወጣም የሚጠይቁኝ ይሄንኑ ነው።

እኔ ያደግኩት ሀዋሳ ነው። ልጅ ሆነን ክር እንጨት ላይ ጠቅልለን ትል ሰክተን ቆሮሶ እናወጣ ነበር፣ ሪል የሚባል ነገር አናውቅም፣ አያስፈልግምም ነበር፣ አሳው እግራችን ስር ነው። አሁን የምናጠምድበት አሳቲግ፣ ሜሪላንድ ያለው ደሴት፣ ግን ውቅያኖስ ነው። አሳው ብዙ ጊዜ ውሃው ውስጥ ካለው የአሸዋ ጉብታ ማዶ ባለችው ጥልቅ ቦታ ላይ ነው የሚዞረው፣ እዛ ለማድረስ በ10 ጫማ ዘንግ 4 አውንስ የእርሳስ ክብደት መወርወር አለባችሁ፣ ነፋሱ አሸዋ ያመጣል፣ ማእበሉ ጨው ይረጫል፣ ይሄ ሁሉ የሚያርፈው እጃችሁ ላይ ያለችው ማሽን ላይ ነው።

የመጀመሪያ ሪሌን በ35 ዶላር ገዛሁ፣ ሳጥኑ ላይ 13 ኩሽኔታ አለው ብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ እኔም ኩሽኔታ ከበዛ ጥሩ ነው ብዬ አመንኩ። በሶስተኛው ጉዞ፣ ህዳር ላይ ገና ሊነጋጋ ሲል አንድ ትልቅ አሳ ያዘ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ አሳው ሲጎትት ክር የሚለቀው ክፍል፣ ድራጉ፣ ግን አለቀቀም፣ ከዛ በአንዴ ለቀቀ፣ ከዛ እንደገና ያዘ፣ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ምን አይነት አሳ እንደነበረ እንኳን ሳላይ ቀረሁ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ቤት ገብቼ ስፈታው ኩሽኔታዎቹ ዝገት በዝገት ሆነዋል። 13 ሆኑ 3፣ ጨው እንዳይገባባቸው ካልተሸፈኑ ዋጋ የላቸውም፣ ብዛታቸው ሳጥን ማሳመሪያ ነው።

ዋናው ነገር ድራጉ ነው። ድራግ ማለት እንደ መኪና ፍሪሲዮን አስቡት፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ስፑል ውስጥ ተደራርበው የሚጫኑ ክብ ሸክላዎች አሉ፣ አሳው ከመጠን በላይ ሲጎትት እየተንሸራተቱ ክር ይለቃሉ። በጣም ርካሽ የሆኑት ላይ ብዙ ጊዜ ሸክላው ፌልት፣ ማለትም የተጨመቀ ጨርቅ ነው፣ ውሃና ጨው ሲነካው መያዝ መልቀቅ ይጀምራል፣ የካርቦን ፋይበሩ ግን እርጥብም ሆኖ ሞቆም እኩል ይለቃል። ሱቅ ስትገቡ ድራጉን ትንሽ አጥብቁና ክሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ሲነሳ ነጥቆ ከጀመረ አስቀምጡት። እጀታውንም ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩና ጥርሱ ሲገጥም የሚፈጭ ድምጽ ካለው ስሙት።

ስም ጥሩልኝ ካላችሁ፣ ከመቶ ዶላር በታች ፔን ፐርሱት ነው የምለው። አካሉ ብረት ሳይሆን ግራፋይት ነው፣ ትልቅ አሳ ሲጎትተው ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ግን አይዝግም ድራጉም ካርቦን ነው። ትንሽ ከጨመራችሁ ፔን ባትል ወይም ዳይዋ ቢጂ፣ ሁለቱም አካላቸው ብረት ነው፣ ለእኔ ጭማሪው ይገባቸዋል፣ ደሞ አዲስ ሞዴል ሲወጣ አሮጌው ቅናሽ ስለሚገባ ያኔ ጠብቃችሁ ግዙ። የሪሉ መጠን ቁጥር ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ 5000፣ 6000 የሚለውን ብቻ አትመኑት፣ ባለ 30 ፓውንድ ብሬድ (ተጎንጉኖ የተሰራ) ክር ቢያንስ 300 ያርድ ይይዛል ወይ የሚለውን እዩ፣ ስፑሉ ላይ ተጽፏል።

ገንዘቡን ሁሉ ሪሉ ላይ አትጨርሱ እባካችሁ። ጥሩ ብሬድ ክር ያስፈልጋል፣ ከስሩ ጥቂት ዙር ሞኖ (አንድ ወጥ የናይለን ክር) ካልጠቀለላችሁ ብሬዱ ስፑሉ ላይ ይንሸራተትና ድራጉ የተበላሸ ይመስላችኋል፣ ከጫፉ ደግሞ ባለ 50 ፓውንድ ሞኖ ቀጥሉበት፣ ያ ከሌለ ስትወረውሩ ክሩ ተበጥሶ እርሳሱ ሰው ሊመታ ይችላል። ድራጉን የምለካው አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ በምንመዝንባት ሚዛን ነው፣ ክሩን እሷ ላይ አስሬ እስባለሁ፣ ለ30 ፓውንድ ክር ወደ 7 ፓውንድ ላይ ሲለቅ በቃ እዛ ላይ ተዉት።

እቤት ስትመለሱ ሳትተኙ እጠቡት። መጀመሪያ ድራጉን አጥብቁ ውሃ እንዳይገባ፣ ቀስ ባለ የቧንቧ ውሃ አለቅልቁት፣ በሀይለኛ ውሃ ግን በጭራሽ ምክንያቱም ጨውና አሸዋውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው፣ ባልዲ ውስጥም አትንከሩት። ሲደርቅ ድራጉን መልሳችሁ አላሉት፣ ተጨምቆ ከከረመ ሸክላው ይበላሻል። አሸዋ ላይ ደሞ አታስተኙት፣ የፒቪሲ ቧንቧ ቆርጣችሁ አሸዋው ውስጥ ትከሉና ዘንጉን እሱ ላይ አቁሙት።

ፈቃድ ማውጣት አትርሱ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 አመት ጀምሮ ይጠየቃል። እዚህ ሮክፊሽ የሚሉትን ስትራይፕድ ባስ ከያዛችሁ ደግሞ በውቅያኖሱ በኩል ከ28 እስከ 31 ኢንች ያለውን አንድ ብቻ ነው ይዞ መሄድ የሚቻለው፣ በምግብ የምታጠምዱ ከሆነ መንጠቆውም ሰርክል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው፣ መሆን አለበት። ህጉ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መስሪያ ቤቱን፣ የዲኤንአሩን ገጽ እዩ።

የእህቴ ልጅ ፐርሱቱን ገዛ፣ በተረፈችው ክር ጨመረ። ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ከቤቱ አነሳዋለሁ፣ 12 ሰአት ሲል ውሃው ዳር ነን።