ረሃቤ ዝም ያለ ጊዜ

ደብረ ብርሃን ላይ መወፈር ችግር አይደለም፤ ችግሩ መክሳት ነው። ስትወፍሪ «አምሮብሻል» ይሉሻል። ከሳ ስትዪ ግን «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» የሚል ሰው ከቤትሽ እስከ መሥሪያ ቤትሽ ተሰልፎ ይጠብቅሻል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። መጀመሪያ በ94 ኪሎ፣ በኋላ በ86።

መምህር ነኝ። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ካለብኝ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የሚባሉ የስኳር ክኒኖች እወስድ ነበር። ስኳሩም አልወርድ፣ ኪሎውም አልቀንስ አለ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ዳይት እጀምራለሁ። እንጀራ እተዋለሁ፣ ድንች እተዋለሁ። ጥቅምት ሳይጋመስ ይፈርሳል። በዚያ ውርጭ ሰላጣ በልቶ ማደር ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ኋላ የጀመርኩት መርፌ ሳይመጣ በፊት የሞከርኩት ሰውነትን አዳምጦ መብላት የሚባለውን ነው። ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት መንገድ ነው። አሥር መርሆች አሉት። ባጭሩ ዳይትን ተዉ፣ ምግብን እርም አታድርጉ፣ ሲርባችሁ ብሉ፣ ስትጠግቡ አቁሙ፣ ሲከፋችሁ ደግሞ ከምግብ ሌላ መጽናኛ ፈልጉ ይላል። እኔም ከመብላቴ በፊትና በኋላ ደብተር ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። 1 አንጀቴ ሲታጠፍ፣ 10 መቀነት የሚያስፈታ ጥጋብ።

ሲያወሩት ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን «ጠገብኩ» የሚለው ቃል ራሱ ጣጣ አለው። ጥጋበኛ ስድብ ነው። «ጠግቧል» ሲባል ስለ ሆዱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ቤት ደግሞ «ጠገብኩ» ማለት ድርድር መጀመር ነው። «በሞቴ!» ትላለች። ትጎርሻለሽ። «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ!» ትጎርሻለሽ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ይከተላል። ደብተሬ ላይ 9 እና 10 የሞላው እሁድ እሁድ፣ እናቴ ዘንድ ስውል ነበር።

ሁለት ሳምንት ጽፌ ሳየው ርቦኝ የበላሁት ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀረው የቡና ቁርስ ነው፣ የለቅሶ ቤት ንፍሮ ነው፣ ማታ ፈተና ሳርም የምቆረጥመው የገብስ ቆሎ ነው። ግን ማወቅ ሌላ፣ መተው ሌላ። ኪሎዬ ንቅንቅ አላለም። (ይህ አበላል መጀመሪያውኑ ለመክሳት ተብሎ የመጣ አይደለም። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።)

ሐኪሜ ሴማግሉታይድ የሚባለውን መርፌ ያነሱልኝ ያኔ ነው። ብዙ ሰው ኦዘምፒክ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። በሳምንት አንዴ ቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን አንድ ሆርሞን ይመስላል። ስኳር ሲወጣ ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ያግዛል፣ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል፣ ለአንጎልም «በቃ» ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ የተፈቀደው በ2017፣ ከፍ ባለ መጠን ለውፍረት የተፈቀደው ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ውጭ ያለችው እህቴ በማዘዣው ገዝታ ይዛልኝ መጣች። ዋጋውን አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

በ0.25 ሚሊ ግራም ጀመርኩ። ከአራት ሳምንት በኋላ 0.5 ሆነ። ያኔ አንድ ነገር ገረመኝ። ጠዋት ሳልነሳ «ምሳ ምን ይሠራ?» እያለ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚያወራው ነገር ዝም አለ። ጭጭ። ደብተሩን አወጣሁ፤ የምጽፈው ቁጥር አጣሁ። የሚርበኝ ሰዓት የለም። ረሃብን አድምጪ ተብያለሁ፤ የማደምጠው ድምፅ ግን ጠፍቷል።

ሁዳዴ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። በሕይወቴ ጾም እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። እውነቱን ልናገርና ጽድቅ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ብርድ ላብ በጀርባዬ ወረደ። ልጆቹ ደግፈው አስቀመጡኝ፣ አንዷ ሮጣ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣች። ከቦርሳዬ የስኳር መለኪያውን አውጥቼ ስለካው 54 አለ፤ ስኳሬ ከልክ በላይ ወርዷል። ጥፋቱ የራሴ ነው። እንደምጾም ለሐኪሜ አልነገርኩም። ሴማግሉታይድ ብቻውን ስኳርን ያን ያህል አይጥልም፤ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲደመርና ሆድ ባዶ ሲሆን ግን እንዲህ ያደርጋል። ሐኪሜ ግሊቤንክላማይዱን አስቆሙኝ። የንስሐ አባቴም «አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ሰዓቱን ተዪው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በሰዓት መብላት ጀመርኩ። ራበኝ አልራበኝ ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ። የአዳምጦ መብላት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ላይላቸው ይችላል። ግን መድኃኒት ያፈነውን ድምፅ «ሰውነቴ ነው የነገረኝ» ብሎ መከተል እኔን ክፍል ውስጥ ጥሎኛል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአራተኛው ወር ወደ ቤቴ የሚወስደውን ትንሽ ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ። ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል የሚሉት ለካ ስለ እኔ ነው! ኪሎ ሲቀንስ ስብ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። በጾሙ ምስርና ሽሮ፣ በፍስኩ እንቁላል ማስቀደም ጀመርኩ። እንጀራው መጨረሻ።

ቅቤ የበዛበት ነገር አይሞከርም። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ሁለት ጉርሻ ላይ ቆመ፤ ሌሊቱን ሳስመልስ አደርኩ። የሸዋ ሮቢቱ ሰርግ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የተከፈተው መርፌ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 56 ቀን ይቆያል። ደብረ ብርሃን ለዚህ ተባረከች። ጣርማ በርን አልፈሽ ቆላ ስትወርጂ ግን ነገር ይለወጣል። ሰው ሲጨፍር እኔ የሰርግ ቤቱን ፍሪጅ ከቢራ ጋር ስሻማ ዋልኩ። ለካ የመርፌውን ቀን በአንድ ሁለት ቀን ማሸጋሸግ ይቻል ነበር!

ከሁሉ የጠቀመኝ ዝምታው ነው። ማታ ቆሎው ፊቴ አለ፣ እኔ አልፈልገውም። ታዲያ እጄ ለምን ይሄዳል? ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ወዲህ ምሽቱ ረዝሞብኛል። ቆሎው ያንን ነበር የሚሞላው። አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እደውልለታለሁ። አንዳንዴ የምናወራው ነገር ስለሌለ ዝም ብለን ስልኩን ይዘን እንቀመጣለን።

በዘጠነኛው ወር መድኃኒቱ አለቀ፤ የሚያመጣም ጠፋ። ወር ሳይሞላ ረሃቡ ተመለሰ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት መርፌውን ያቆሙ ሰዎች ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው እንደጨመሩ ያሳያል። እኔ አሁን 89 ነኝ። ሐኪሜ «ረሃብሽ በሽታሽ እንጂ ስንፍናሽ አይደለም» አሉኝ። ይህን ከሰባት ዓመት በፊት ብሰማው ኖሮ ስንት መስከረም በዳንኩ።

ደብተሩ ተመልሷል፤ ቁጥሮቹም እንዲሁ። እናቴም ነገሩን ለምዳዋለች። ባለፈው እሁድ ሞሰቡን ከፍ ልታደርግ ስትል «ስንት ላይ ነሽ?» አለችኝ።

«ስድስት ላይ ነኝ፣ እማዬ።»

እንጀራውን ጠቅለል አደረገችና እጇን ዘረጋች። «በሞቴ፣ ሰባት አድርጊያት!»